ከአጎት ሳጥን የወጣ ኮሞዶር 64 ትዝታ ይጫወታል?

ጥያቄው ከአንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ እጠቅሰዋለሁ። «ጋሼ፣ ከጀርመን የተመለሰው አጎቴ አንድ ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ከካሴት ማጫወቻውና ከጥቁሩ የኃይል ሳጥን ጋር ሰጥቶኛል። ገና አልሰካሁትም። መሰንቆ ትንሽ እጫወታለሁ። የራሴን ዜማዎች፣ በተለይ በትዝታና በአምባሰል ቅኝት ያሉትን፣ በዚህ ማሽን ድምፅ ሠርቼ አልበም ማውጣት እፈልጋለሁ። ማሽኑ የእኛን ዜማ ይችለዋል? ከምን ልጀምር? ካለቀ በኋላስ የት ይወጣል?»

ወንድሜ፣ ከጥያቄህ ሁሉ ደስ ያሰኘኝ «ገና አልሰካሁትም» ያልከው ነው። አትሰካው። ያ ጥቁር ሳጥን ለኮምፒውተሩ 5 ቮልት ቀጥተኛና 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ይሰጣል። ውስጡ በጠጣር ሙጫ ስለ ተደፈነ ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ከፍቶ ለመጠገንም አያመችም። ዕድሜ ሲጫነው የ5 ቮልቱ መቆጣጠሪያ ይደክማል። ክፋቱ ሲበላሽ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ቮልቴጁን ከልክ በላይ ይለቀዋል። ያኔ የማስታወሻ ቺፖቹ ይቃጠላሉ፣ አንዳንዴም የድምፅ ቺፑ አብሮ ይሄዳል። እኔ አንድ ማሽን በዚሁ መንገድ ገድያለሁ። አራዳ ባለችው የጥገና ክፍሌ ሳጥኑን በቴስተር ለካሁት፣ 5.1 አሳየኝ፣ ሰካሁት። ሰማያዊው ገጽ ብቅ አለ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይቀዳ ገጹ ጠቆረ። ጭነት ሳይኖርበት የተለካ ቮልቴጅ ብዙ እንደማይናገር የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ አዲስ ኃይል ሰጪ አሠራ። ብየዳ በደንብ የሚያውቅ ቴክኒሻን ባለ 9 ቮልት ትራንስፎርመርና ቢያንስ 2 አምፔር የሚሰጥ ባለ 5 ቮልት ኃይል ሰጪ አጣምሮ ይሠራልሃል፤ ለእያንዳንዳቸው ፊውዝ ይኑራቸው። ከፊቱም ስታብላይዘር አድርግ፤ የመብራታችንን አመጣጥና አካሄድ ላንተ አልነግርህም። በቀረው ዕድለኛ ነህ። ማሽኑ የጀርመን ስለሆነ እንደ እኛው አገር በ50 ኸርዝ መብራት ይሠራል፣ የምስል ሥርዓቱም ፓል ነው። ይህች 50 የምትባል ቁጥር ወደ ኋላ ላይ ስለ ምት ስናወራ ተመልሳ ትመጣለች።

ወደ ዋናው ጥያቄህ ልግባ። ይችለዋል። እንዲያውም ከብዙ ዘመናዊ የሙዚቃ ፕሮግራሞች የተሻለ ይችለዋል ባይ ነኝ።

ኮሞዶር 64 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሲድ የሚባለውን የድምፅ ቺፕ የነደፈው ቦብ ያነስ ሲሆን፣ ሰውየው ኋላ ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው እንደ ነደፈው ከሥራው ያስታውቃል። ቺፑ ሦስት የድምፅ መስመሮች አሉት። እያንዳንዱ መስመር ከአራት ሞገዶች ይመርጣል፤ ሦስት ማዕዘን፣ የመጋዝ ጥርስ፣ አራት ማዕዘንና ሹክሹክታ (ከፍታ የሌለው የሹሹታ ድምፅ)። ድምፁ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንደሚረጋና እንደሚከስም ለየመስመሩ ለብቻው ይወሰናል። ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ማጣሪያ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ሦስት ድምፅ ብቻ?» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ወደ አዝማሪ ቤት እወስደዋለሁ። ቁጠር እለዋለሁ፤ ዘፋኙ አንድ፣ መሰንቆው ሁለት፣ ከበሮው ሦስት። ቤቱ ሞልቶ ሰው ትከሻውን ሲነቀንቅ የሚያድረው በእነዚህ ነው። መሰንቆው ዘፋኙን እግር በእግር ይከተለዋል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን ይሞላለታል፤ አንዳንዴም ያንኑ ዜማ ትንሽ ዘግየት ብሎ በራሱ ጌጥ ይደግመዋል። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) የለም፣ ባስ ጊታር የለም። ከበሮው ራሱ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። በሌላ አነጋገር፣ አውሮፓውያኑ ኦርኬስትራቸውን በሦስት መስመር ለማጨቅ ሲቸገሩ የኖሩበት ቺፕ ለእኛ ልካችን ነው።

ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ የመጀመሪያ ስህተትህን አስቀድሜ ላስቀርልህ ብዬ ነው። የቺፕ ሙዚቃ ትምህርት በየትም ብትከፍት መጀመሪያ የሚያሳዩህ አርፔጂዮ ነው፤ የአንድ ኮርድ ሦስት ድምፆች በአንድ መስመር ላይ በፍጥነት እየተፈራረቁ ኮርድ እንዲመስሉ ማድረግ። በ1980ዎቹ የነበሩት የጌም ሙዚቀኞች፣ እነ ማርቲን ጋልዌይ፣ ይህን ብልሃት ወደ ጥበብ አሳድገውታል። ለአንተ ግን መርዝ ነው። አምባሰልን ተመልከት፤ በመነሻው ላይ ኮርድ ለመሥራት የሚያስፈልገው፣ ሦስተኛ የሚባለው ድምፅ፣ ሰፊውም ጠባቡም፣ ቅኝቱ ውስጥ የለም። በመነሻው ላይ ኮርድ ስትደረድር ቅኝቱ የማያውቀውን ድምፅ አስገባህ ማለት ነው፤ አምባሰሉም በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። አርፔጂዮውን ተወውና መስመሩን ለመሰንቆው ጌጥ አውለው።

አሁን ሌሊቶቼን ወደ በላው ጉዳይ ደረስን፤ ቅኝት።

ማንኛውም ትራከር፣ ማለትም ኖታ በረድፍ በረድፍ እየጻፍክ ዜማ የምትሠራበት ፕሮግራም፣ ሲመጣ የፒያኖ ድምፆች ሰንጠረዥ ይዞ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ለ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ተከፍሏል። በዚህ ቆጠራ ትዝታ ከመነሻው 2፣ 4፣ 7 እና 9 ግማሽ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል፤ አምባሰል ደግሞ 1፣ 5፣ 7 እና 8። እንዲህ ጽፈህ ብታጫውተው ትዝታነቱ ይታወቃል። መሰንቆህን አንሥተህ አብረኸው ስትመታ ግን ይጋጫል። መሰንቆ ቁልፍ የለውም፣ ጣት ነው ያለው፤ ክራር የሚቃኝ ሰውም የሚያዳምጠው ጆሮውን ነው። በባንድና በኪቦርድ ዘመን የለመድነው ትዝታ ለፒያኖ የተስማማ ትዝታ ነው፤ አያቶቻችን የሰሙት እሱን አይደለም።

ሲድ እዚህ ላይ ያስደንቃል። የድምፁን ከፍታ የሚቀበለው ከ0 እስከ 65,535 በሚሄድ ቁጥር ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፤ የምትፈልገውን ኸርዝ በ17.0284 ታባዛለህ። ይህ ቁጥር የተገኘው 16,777,216 የፓል ማሽኑ የውስጥ ሰዓት በሰከንድ ለሚመታው ምት፣ ለ985,248፣ ሲካፈል ነው። መነሻህ 220 ኸርዝ ከሆነ 3,746 ትጽፋለህ። ከዚያ በላይ 7 ግማሽ ድምፅ ያለው ድምፅ በፒያኖ ሰንጠረዥ 5,613 ነው። ንጹሁ፣ የመነሻው አንድ ጊዜ ተኩል የሆነው 330 ኸርዝ፣ ደግሞ 5,619 ነው። ስድስት ቁጥር ምን ያህል ነው አትበል። መነሻው ድምፅ ከሥር እየዘለቀ ሳለ የፒያኖውን ብታስገባ ሁለቱ ቀስ እያሉ ሲወዛወዙ ትሰማለህ፤ ንጹሁን ስታስገባ ቀጥ ይላል። በ220 ኸርዝ ላይ አንድ ቁጥር መጨመር የአንድ ግማሽ ድምፅ መቶኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጆሮህ ከሚለየው በላይ ማሽኑ ይለያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል መሰንቆህን ያዝ፤ የትዝታህን አምስት ድምፆች አንድ በአንድ ረዘም አድርገህ ምታ፤ በስልክህ የመቃኛ መተግበሪያ ኸርዛቸውን ጻፍ። በሌላ ቀንም ድገመው። ጣትህ በሁለቱም ቀን የት እንደሚያርፍ ስታይ ራስህ ትገረማለህ። አማካዩን ወስደህ በ17.0284 አባዛ፤ በላይኛው ኦክታቭ እጥፍ፣ በታችኛው ግማሽ ታደርገዋለህ። ከዚያ በትራከሩ ማጫወቻ ፕሮግራም ኮድ ውስጥ ያለውን የድምፅ ሰንጠረዥ በራስህ ቁጥሮች ትተካዋለህ። የእኔን ሰንጠረዥ ላክልኝ እንዳትለኝ፤ የእኔ ጣት ያረፈበት ነው፣ ላንተ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። «ሲድ ላይ ከምደክም የዜድኤክስ ስፔክትረም 128ን ኤዋይ ቺፕ ብጠቀምስ?» ብሎ አንድ ወዳጄ ጠይቆኝ ነበር፤ ስፔክትረም ሌላ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር፣ ኤዋይ የድምፅ ቺፑ ነው። ያም የራሱ ውበት አለው። ነገር ግን ኤዋይ ድምፁን የሚያወጣው የሰዓቱን ምት በሙሉ ቁጥር እያካፈለ ስለሆነ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ደረጃዎቹ ይራራቃሉ። 1,760 ኸርዝ አካባቢ አካፋዩን ከ63 ወደ 64 ስትለውጠው ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይወድቃል፤ በመካከል ምንም የለም። ለቀጭን የዋሽንት ዜማ ይህ አይሆንም።

ወደ ምት እንለፍ። 50 ተመልሳ መጣች። የቺፕ ሙዚቃ ማጫወቻ ቲቪው ምስል በሚቀይርበት ልክ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይነቃል፤ ኖታህ ሊጀምር የሚችለው በእነዚያ ንቃቶች ላይ ብቻ ነው። ፍሬም ልበላቸው። የእኛ ቺክቺካ በ6/8 የሚሄድ፣ በሦስት በሦስት የሚቆጠር ምት ነው። ለእያንዳንዷ ትንሽ ምት 8 ፍሬም ብትሰጥ ሦስቱ 24 ይሆናሉ፤ በደቂቃ 125 ትላልቅ ምት ማለት ነው። 9 ብትሰጥ ወደ 111 ይወርዳል፤ 7 ብትሰጥ 143 ይደርሳል። በመካከል ያለው ሁሉ፣ ማለትም እስክስታው ራሱ የሚኖርበት ፍጥነት፣ ያመልጥሃል።

መፍትሔው እኩል አለማካፈል ነው። 8፣ 8፣ 9 አድርገው፤ ድምሩ 25፣ ልክ ግማሽ ሰከንድ፣ በደቂቃ 120። የመጨረሻዋ ምት በአንዲት ፍሬም ትዘገያለች። ያቺ አንዲት ፍሬም አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ናት፤ ሰው ለይቶ አይሰማትም፣ ትከሻው ግን ያውቃታል። የረዘመችውን ምት ቦታ ቀይረህ 9፣ 8፣ 8 ብታደርጋት ዘፈኑ ሌላ ጠባይ ይይዛል። ሁለቱንም ሞክርና በትከሻህ ፍረድ። በትራከሩ ውስጥ የፍጥነት ትእዛዙን በየረድፉ እየጻፍክ ታደርገዋለህ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ጽፈህ ትቀዳዋለህ። የፓተርኑንም፣ ማለትም የአንዱን የዜማ ክፍል ረድፎች፣ ርዝመት አስተካክል። ብዙ ትራከር በ64 ረድፍ ይጀምርልሃል፤ 64 ለሦስት አይካፈልም። 48 አድርገው። እኔ የመጀመሪያ ዜማዬን በ64 ሠርቼ በየዙሩ መጨረሻ ከበሮው ሲደናቀፍ ለሁለት ሳምንት ጥፋቱን ከቺፑ ስፈልግ ነበር።

መሣሪያዎቹን ስትሠራ «የመሰንቆ ድምፅ» የሚል ነገር አውርደህ አታስገባ። ሞገዶቹ ራሳቸው ብዙ ያውቃሉ። ሄልምሆልትዝ የሚባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሳይንቲስት በደጋን የሚገረፍ አውታር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አጥንቶ ነበር። ደጋኑ አውታሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ ከዚያ አውታሩ ያመልጥና ወደ ኋላ ይፈናጠራል፣ እንደገና ይያዛል። ቀስ ብሎ መውጣት፣ በፍጥነት መውደቅ፤ የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ለመሰንቆህ የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ስትመርጥ የፈረስ ጭራው በውስጡ አለ። አነሣሡን ትንሽ ዘግየት አድርገው፣ ደጋን ወዲያውኑ አይነክስምና። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ዝለል አትበለው፤ አንሸራተው። ንዝረቱንም ኖታው እንደ ተነሣ ሳይሆን ከረዘመ በኋላ አስጀምረው። አንዱን ማጣሪያ ለእሱ ብቻ ስጠው፤ የመሰንቆው ቆዳ የሚያፍነውን ያህል ከላይ ቁረጥለት።

ክራር ሌላ ነገር ነው። የአውታሩን ሩብ ላይ ብትነቅል በየአራተኛው ያለው ተጓዳኝ ድምፅ (ከዋናው ጋር አብሮ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ) ይጠፋል። የአራት ማዕዘን ሞገድ ስፋትን ሩብ ብታደርገውም እነዚያው ይጠፋሉ። ስፋቱ የሚጻፈው ከ4,096 ስለሆነ 1,024 ማለት ነው። ወደ ዳር ጠጋ ብለህ መንቀል ከፈለግህ 800 አካባቢ ውረድ፤ ድምፁ ይቀጥናል። አነሣሡ ቅጽበታዊ፣ አከሳሰሙ ፈጣን ይሁን። ለከበሮ ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ ፍሬም ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሦስት ማዕዘን ከላይ ወደ ታች በአራት በአምስት ፍሬም እየወደቀ። ለቀኙ እጅ ከፍ፣ ለግራው ዝቅ አድርገህ ሁለት ዓይነት ሥራ። የበገናን እንዝራ (አውታሩን የሚያንዘረዝረውን ቆዳ) ሊመስል የሚሞክር ብዙ ሙከራ አድርጌያለሁ፤ ሁሉም የንብ ቀፎ ሆኖብኛል፣ ስለዚህ ምክር የለኝም።

ክራሩን ስትሠራ አንዳንድ ኖታ ዘግይቶ ሲነሣ ወይም ጭራሹን ሲዋጥ ትሰማለህ። ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የሲድ የቆየ ጉድለት ነው። የድምፁን አነሣስና አከሳሰም የሚቆጥረው ቆጣሪ የተሰጠውን ግብ የሚያውቀው ልክ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ከዘገምተኛ አከሳሰም ወደ ፈጣን አነሣስ በድንገት ስትቀይር ቆጣሪው አዲሱን ግብ አልፎት ሄዶ ከሆነ፣ 32,768 የማሽኑን የሰዓት ምት ዞሮ እስኪመለስ ይጠብቃል። ያ ወደ 33 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለክራር ብዙ ነው። ብልሃቱ ከአዲሱ ኖታ ሁለት ፍሬም ቀደም ብሎ የፊተኛውን መዝጋትና ቁጥሮቹን ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ጥሩ ትራከሮች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል፤ ማብሪያው መብራቱን ግን አረጋግጥ።

ፕሮግራምን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። በላፕቶፕህ ጎትትራከርን ተጠቀም፤ ነፃ ነው፣ ፊንላንዳዊው ላሴ ኧርኒ የጻፈው ነው፣ የማጫወቻው ኮድም ክፍት ስለሆነ ሰንጠረዡን መለወጥ ትችላለህ። ቫይስ የሚባለውን ኢሙሌተር፣ ኮሞዶሩን በላፕቶፕ ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ጨምርበት። በራሱ በኮሞዶሩ ላይ መሥራት ካማረህ ሲድ ዊዛርድ አለ፤ ደስታው ልዩ ነው። ነገር ግን ማሽኑ ባትሪ የለውም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ያላስቀመጥከው ዜማ አብሮ ይሄዳል። ትራከሩን የሚያነብና ዜማህን የሚያስቀምጥ የኤስዲ ካርድ ማንበቢያም ያስፈልግሃል። በላፕቶፕ ሥራ፣ በማሽኑ ፍረድ።

ፍርዱ የግድ ነው፤ ሲድ ሁለት ዓይነት ነውና። የቀድሞው 6581 በ12 ቮልት የሚሠራ፣ የሚሞቅ፣ ማጣሪያው ከቺፕ ቺፕ የሚለያይ ነው። የኋለኛው 8580 በ9 ቮልት የሚሠራ፣ ጸጥ ያለና የተስተካከለ ነው። ክዳኑን ስትከፍት ቁጥሩን በቺፑ ላይ ታገኘዋለህ። ለመሰንቆ እኔ 6581ን እመርጣለሁ፤ ሻካራነቱ ይስማማዋል። ግን በአንተ ቺፕ ላይ ያማረ ማጣሪያ በሌላ 6581 ላይ ሊደፈን ይችላል፤ ስለዚህ ዜማው ያለ ማጣሪያውም የሚቆም መሆኑን አንድ ጊዜ አጥፍተህ አረጋግጥ። ቺፑን አትንቀል፤ በእጅህ ላይ ያለ የማይታይ ኤሌክትሪክ ሊገድለው ይችላል፣ በኢንተርኔት የሚሸጡት ምትኮችም ብዙዎቹ ቁጥራቸው ተፍቆ እንደገና የተጻፈባቸው ናቸው።

አንድ የቀረ ነገር፤ ሲድ ቃል አይናገርም። አዝማሪን ያለ ግጥም ማሰብ ይከብዳል፤ ሰምና ወርቁ የት ይግባ? መልሱ ገጹ ላይ ነው። የዚህ ማሽን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሙዚቃው ሲጫወት ከታች የሚሄድ ጽሑፍ ያስገባሉ። ግጥምህን በዚያ አስኪደው፣ በፊደላችን። ኮሞዶር 64 በአንድ የፊደል ስብስብ 256 ቅርጾች እንድትስል ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ 8 በ8 ነጥብ፣ ጠቅላላው 2,048 ባይት። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ለአራት ነጥቡና ለቁጥሮቹ 25 ቦታ ይተርፋል። ይህን ሒሳብ ያገኘሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስስለው ግን ጨ እና ጠ በ8 ነጥብ ውስጥ መንታ ሆኑብኝ። መውጫው ለአንድ ፊደል አራት ቅርጽ፣ ሁለት በሁለት፣ መስጠት ነው። ያኔ 64 ፊደል ብቻ ይገባል፤ አንድ አጭር ግጥም ደግሞ ከዚያ በላይ የተለያየ ፊደል አይጠይቅም።

አሁን ስለ ማውጣት። አልበሙን ለጊዜው እርሳው፤ አንድ ዜማ አውጣ።

መጀመሪያ የሚወጣው ሲድ ፋይሉ ነው። እሱ የተቀዳ ድምፅ አይደለም፤ ማጫወቻውና ኖታው አንድ ላይ የተጠቀለሉበት ፕሮግራም ነው። አንድ ዜማ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ አራት ደቂቃ የሚሆን ተራ ኤምፒ3 ወደ 4 ሜጋባይት ይወስዳል፣ ሺህ እጥፍ። በፋይሉ ራስ ላይ ሦስት መስኮች ትሞላለህ፤ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የወጣበት ዓመትና አውጪ። እያንዳንዳቸው 32 ፊደል ይይዛሉ፣ የሚቀበሉትም የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ስምህን በላቲን እንዴት እንደምትጽፍ ዛሬ ወስን፤ ጸ ወይም ቀ ያለበት ስም በአራት ዓይነት ይጻፋል፣ በአራቱም ከጻፍከው ማኅደሮቹ አራት ሰው ያደርጉሃል። ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ጻፍ፤ ከመስከረም እስከ እነሱ አዲስ ዓመት (ታኅሣሥ መገባደጃ) በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ጨምርበት። ፓል መሆኑንና የትኛውን ቺፕ እንዳሰብክ ምልክት አድርግ፤ ይህን ከዘለልከው ሰሚው በሌላ ቺፕ ያጫውተውና ያደፈርስብሃል።

ቦታው ኮሞዶር 64 ሲን ዳታቤዝ (CSDb) የሚባለው ድረ ገጽ ነው፤ መዝግበህ ትጭነዋለህ። ሃይ ቮልቴጅ ሲድ ኮሌክሽን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ማኅደር ከ50 ሺህ በላይ ዜማዎች አሰባስቧል። በውስጡ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ዜማ ብትፈልግ ስንት እንደምታገኝ ሞክረህ ንገረኝ። ውድድርም አለ። በጀርመኗ ዛርብሩከን የሚካሄደው ሬቪዥን በየዓመቱ በእነሱ ፋሲካ ነው የሚውለው፤ እኛ ብዙ ጊዜ ገና ሁዳዴ ላይ ነን፣ ሥራ ለመጨረስ መጥፎ ወቅት አይደለም። ከውድድሮቹ አንዳንዶቹ ከሩቅ የተላከ ሥራ ይቀበላሉ። ደንባቸውን አንብብ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት የትም ያልወጣ ሥራ ነው የሚጠይቁት። በቴሌግራም አስቀድመህ ለጓደኞችህ ከለቀቅከው አበቃ።

ለአገር ውስጥ ሰሚ ግን ቴሌግራም ነው። ከማሽኑ የድምፅ መውጫ በገመድ ወደ ላፕቶፕህ ቅዳው፤ የድምፅ መልእክት ሳይሆን ፋይል አድርገህ ላከው፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ሲድ የሚያወጣው ባለ አንድ ወገን ድምፅ ነው፤ በፕሮግራም ግራና ቀኝ ልለጥጠው አትበል። ከመልቀቅህ በፊት በባጃጅ ስፒከር አስሰማው። ፒያሳ ለፒያሳ እየሄደ ከበሮው ካልጠፋ ሥራህ አልቋል።

ስለ ገንዘብ አላታልልህም፤ ከዚህ ሰው አይከብርም። ስለ መብት ግን ተጠንቀቅ። የራስህ ዜማ የራስህ ነው። የታወቀ ዘፋኝን ዜማ ወደ ቺፕ ብትገለብጠው ግን መሣሪያው ስለ ተቀየረ ነፃ አይሆንም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። የአዝማሪ ጓደኛህን ጨዋታ ቀድተህ ከእሱ ቅኝት ብታወጣም ጠይቀው፣ ስሙንም ጻፍለት።

አልበም ወደ መሆን ሲደርስ አንድ ሐሳብ ልጨምርልህ፤ የካሴት ማጫወቻው በእጅህ ነውና። ማሽኑ የሚያነበው ካሴት እናቶቻችን ዘፈን ይሰሙበት ከነበረው ጋር አንድ ነው። የማጫወቻውን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ አጽዳው። በካሴቱ አንደኛ ገጽ ዜማዎቹን ቅዳ፤ በሁለተኛው ገጽ ፕሮግራሙን ራሱን፣ ግጥሙ በፊደላችን የሚሄድበትን። የማሽኑ ተራ አጫጫን በሰከንድ 50 ባይት አካባቢ ነው፤ 4 ኪሎባይት ዜማ ለመጫን ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ለገዢው ቡና እስኪቀዳ። ኮሞዶር የሌለው ሰው በቴፑ ሲከፍተው ግን የሚሰማው ሲጥሲጥታ ብቻ ስለሆነ፣ ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ እንዳይመልስልህ በልባሱ ላይ በጉልህ ጻፍበት።